ለምራቂ የሰጠኋት ብረት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ማወቅ የለበትም፤ ገዢውን ካወቀ ይበቃዋል። ኮልፌ ውስጥ ያገለገሉ መፍቻዎችን ስሸጥ የኖርኩት በዚህ እምነት ነው። እስከ አንድ ዓርብ ከሰዓት ድረስ አሳፍሮኝ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ልጄ ግቢ ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ወዲያ ወዲህ ትላለች። በማግስቱ ጠዋት የብስክሌት ክለብ ምልመላ አለባት፤ አቀበቱን በደህና ሰዓት ከወጣች ይይዟታል፣ ካልወጣች ደግሞ ቀጣዩን ዓመት መጠበቅ ነው። ችግሩ ጉልበቷ አልነበረም። ባለፈው ወር ካቴናውን በአዲስ ቀይረንላታል፤ የኋላው ጥርስ ግን ያው አሮጌው ነው፣ ጫፍ ጫፉ አልቆ አዲሱን ካቴና አልይዝ ብሏል። ፔዳሉን አጥብቃ በረገጠች ቁጥር ካቴናው ይዘላል። ሜዳ ላይ ያናድዳል፤ አቀበት ላይ ይጥላል።

አዲሱን ጥርስ ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ስምንቱም ክብ በአንድ ላይ የተደረደረ፣ ከነማሸጊያው። ጉዳዩ መግጠሙ ላይ ነው። ሚስቴ "ለሠሪው ውሰድላት" አለች። ሠሪው ፌርማታው ጋ፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣ ብስክሌት የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው።

"የመፍቻ ነጋዴ ሆኜ መፍቻ ፍለጋ ሰው ደጅ ልቁም?"

"አንተ በእጅህ ፈትተህ የምታውቀው የጫማህን ክር ነው" አለችኝ። "እሱንም ሳትፈታ ነው የምታወልቀው።"

እልህ ያዘኝ። መፍቻዋን ከሱቅ ይዤ መጣሁ። አጭር ክብ ብረት ናት፤ ዙሪያዋ ተፈልፍሏል። ጥርሱን ከጎማው ጋር አጥብቆ የያዘው ክዳን ውስጥ ትገባለች፤ ጀርባዋን በሌላ መፍቻ ይዘህ ወደ ግራ ትገፋለህ፤ አለቀ። ለስንቱ ደንበኛ "ይህቺን ከያዝክ ሌላ ምንም አያስፈልግህም" እያልኩ ሸጫታለሁ።

የኋላውን ጎማ አወለቅን። መፍቻዋን ሰካኋት፤ ልክክ አለች። ወደ ግራ ገፋሁ። ጥርሱም አብሮኝ ወደ ግራ ዞረ። ጥክ ጥክ ጥክ። ጠንከር አድርጌ ገፋሁ፤ ጠንከር አድርጎ ዞረ።

"አባዬ፣ እየፈታኸው ነው ወይስ እያጫወትከው?" አለች ልጄ።

ሚስቴን ጥርሱን በጨርቅ አንቀሽ ያዥልኝ አልኳት። ያዘች። ጨርቁም ተቀደደ፣ አውራ ጣቷም ተጫረ። "በቃኝ" ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ያኔ ስካርፔሎና መዶሻ አነሳሁ። በእኛ ሰፈር እምቢ ያለ ነገር ሁሉ መጨረሻው ስካርፔሎ ነው። ልጄ ጎማውን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ከሰበርከው ነገ በእግሬ ነው የምወዳደረው?"

መዶሻውን እንደያዝኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እነዚህ መፍቻዎች በጆንያ ሲመጡልኝ ሌላም ብረት አብሯቸው ይመጣ ነበር፤ ረዘም ያለች፣ ጫፏ ላይ እንደ ጭራ ቁራጭ ካቴና የተንጠለጠለባት። ምን እንደምትሠራ ጠይቄ አላውቅም። ደንበኛ ደግሞ ዕቃውን ከያዘ በኋላ "ምራቂስ?" ሳይል አይሄድም፤ በነፃ የሆነ ነገር ካልተጨመረለት የተበላ ይመስለዋል። እኔም ያቺን ባለ ጭራ ብረት እጨምርለታለሁ። ሚስማር ለገዛም፣ ፒንሳ ለገዛም። አንዷን ሥጋ ቤቱ መስቀያ አድርጓታል። አንዷ የጎረቤቴ በር ላይ ተበይዳ መቀርቀሪያ ሆናለች፤ በየቀኑ አያታለሁ። አንዷን ደግሞ ካቻቢቴ ሲገዙኝ ለሠሪው ሰጥቻቸዋለሁ።

ለአንድ ፌርማታ ታክሲ መጠበቅ አላስቻለኝም። በእግሬ ወረድኩ፤ ሳልሮጥ ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌው ሊዘጉ ዕቃ እየሰበሰቡ ነበር።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አንዲት ብረት ሰጥቼዎት ነበር፤ ካቴና ያላት።"

"አለች።"

"እስከ ነገ ቢያውሱኝ።"

"ምራቂ ይመለሳል እንዴ?"

"ውሰት ነው፣ ጋሼ።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ጥርሱ አብሮህ ዞረ፣ አይደል?"

በጣቴ እንዴት እንደዞረ አሳየኋቸው።

"ቁልቁለት ላይ እግርህን ስታሳርፍ ጎማው ብቻውን የሚሄደው ጥርሱ ወደ ኋላ ስለሚለቅ ነው። አንተም የምትፈታው ወደዚያው ወደሚለቅበት ነው። ስለዚህ በዚህች ካቴና ጥርሱን ጠምጥመህ ወደ ቀኝ ትይዛለህ፣ በዚያችኛዋ ወደ ግራ ትገፋለህ። ባልና ሚስት ናቸው። አንተ ባልየውን እየሸጥክ ሚስትየዋን በየሰፈሩ በተንካት።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"ነጋዴ በነፃ ሲሰጠኝ አፌን መዝጋት ነው ልማዴ።" ብረቷን ከሚስማር ላይ አውርደው ሰጡኝ። "አንድ ነገር ያዝ። በዚህ ሥራ ውስጥ ምራቂ የለም። ገጥመህ ስትጨርስ የተረፈ ነገር ካየህ፣ የተረፈ እንዳይመስልህ፤ የቀረ ነው።"

ስመለስ አንድ ሰው ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ከዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ የሸጥኩለትን መፍቻ ይዞ ተመልሶ "ይሾራል እኮ" ያለኝ ቀጭን ሰውዬ። "ዕቃው ደህና ነው፤ አንተ ነህ ቁርስ ያልበላኸው" ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ስቆበታል።

ቤት ደርሼ ካቴናዋን ጠመጠምኩ፤ አንዱን ያዝኩ፣ አንዱን ገፋሁ። ቋ ብሎ ለቀቀ። ከጥርሱ ስር የነበረውን ሁሉ በነጭ ጋዝ ሳፋ ውስጥ አጠብኩ፤ ግራሶ ቀባሁ። አዲሱ ጥርስ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚገባው፤ ውስጡ ካሉት ቦዮች አንዷ ከሌሎቹ ትለያለች። ይህን እስክረዳ አምስት ጊዜ አዟዟርኩት። ለማጥበቅ አጭሯ ብቻዋን በቃች። ክዳኑን እስከ መጨረሻው አጠበቅኩና እጄን አራገፍኩ።

ልጄ ጥርሱን ይዛ ነቅነቅ አደረገችው። "አባዬ፣ ይንቀሳቀሳል።"

"ሲነዳ ይረጋል።"

"ይሄ ለደንበኛ የምትለው ነው።"

ሳፋውን ለመድፋት አነሳሁ። ከጠቆረው ጋዝ ስር፣ እንደ ወረቀት የሳሳች አንዲት ቀለበት ተኝታለች። ሌላ ቀን ቢሆን ኪሴ ውስጥ ከትቻት፣ ሰኞ ለአንዱ ምራቂ ትሆን ነበር። ቀለበቷ ከጥርሱ ጀርባ ገብታ ክፍተቱን የምትሞላው ናት።

ሁሉንም እንደገና መፍታት ግድ ሆነ። ይህን ጊዜ ሚስቴ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። "ያቺን ጭራዋን ወዲህ በላት" አለች። እሷ ያዘች፣ እኔ ገፋሁ። ቀለበቷ ገባች፣ ጥርሱ ገባ፣ ክዳኑ ጠበቀ። ልጄ በሁለት እጇ ነቀነቀችው፤ ፍንክች አላለም። ያኔ ነው ወደ ቤት ገብታ እራት የጠየቀችው።

ቅዳሜ ሱቅ ከፍቼ መቀመጥ አቃተኝ። ሥጋ ቤት ሄጄ ለሰውየው ደህና መስቀያ ሰጠሁትና ብረቴን ተቀበልኩ። "ምራቂስ?" አለኝ፤ አልሰማሁም ብዬ ወጣሁ። እኩለ ቀን ላይ ልጄ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ፊቷ አቧራ ነው።

"አልዘለለም" አለች መጀመሪያ። ውሃ ከጠጣች በኋላ "ያዙኝ" አለች።

ለሽማግሌው ብረታቸውን በዚያው ቀን መለስኩ። ከሥጋ ቤቱ ያመጣኋት ግን ሱቄ ግድግዳ ላይ ነች። ሦስት ሰው ጠይቆኛል፤ የሰው ናት እላለሁ። የዚያን "ይሾራል እኮ" ያለኝን ሰውዬ ስልኩን አላውቅ፣ ስሙን አላውቅ። ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ግን ከባንኮኒው ብድግ ብዬ አንገቴን አወጣለሁ፤ ምናልባት ነጂው ቀጭን ከሆነ።