ድምፅ ስጡ በተባልን ጊዜ

ባለቤቴ ቤቱን ጥላ የሄደችው በእኔ ምክንያት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወሬውን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን ወደ እኔ ስለሚወረውር ነው። የሄደችው በግድግዳው ነው።

ዲላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ያለው ቤታችን ከጎረቤታችን ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። ድሮ አንድ ቤት ነበር፤ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ ሲሸጥ ግድግዳው የጋራ ሆኖ ቀረ። በእኛ በኩል የአልጋችን ራስጌ ነው። በወዲያ በኩል ግሮሰሪ ነው። ባለግሮሰሪዋ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በቢራ ሽያጭ የምታስተምር ሴት ናት። ጠርሙስ ብቻ በሚንኳኳበት ዘመን እንኳን ልንጣላ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ሳህን የምንለዋወጥ ሰዎች ነበርን። ግን የቡና ወቅት ሲደርስ ከተማው በነጋዴና በሾፌር ይሞላል፤ ተማሪውም ከዩኒቨርሲቲው ይወርዳል፤ ሰው መጨፈሪያ ይፈልጋል። እሷም የእኔን ቁመት የሚያህሉ ስፒከሮች ገዝታ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳችን ሰጥታ አቆመቻቸው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በእኛ ቤት እንግዳ ሆነ። ዘፈኑን ብንሰማው እንኳ አንድ ነገር ነበር። ወደ እኛ የሚያልፈው ዱም ዱም የሚለው ቤዝ ብቻ ነው፤ በትራስ በኩል ገብቶ ጥርስ ውስጥ ይቀመጣል። ባለቤቴ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ፣ አትናደጂ፣ በደንብ ተኚ ብሏታል። ጨውን ራሷ ቀነሰች፤ የቀሩትን ሁለቱን ጎረቤታችን ከለከለቻት።

እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ቁጡ ነው። በነጠላ ጫማ እየወጣሁ በሯን እደበድባለሁ። «እሺ ጋሼ፣ አሁን ይቀነሳል» ትለኛለች በትሕትና። እውነትም ይቀነሳል። ተመልሼ ብርድ ልብሱን ሳልሸፋፈን ግን እንደገና ይጮኻል። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያሉት አበው የእሷን እሺ አልሰሙም።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ዓይኗ ደም መስሎ «እዚህ ቤት ውስጥ ሞቼ ልገኝልህ?» አለችኝና ወደ ዱመርሶ፣ እህቷ ዘንድ ሄደች። የተወለደችው እዚያ ነው። ለጥቂት ቀን መስሎኝ ነበር፤ ወር አለፈ። ስደውልላት «እዚህ የምሰማው ወፍ ብቻ ነው፤ ደም ግፊቴም ወርዷል» ትለኛለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይከፋኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «ቤቱን ሸጠን እዚህ ብንኖርስ?» አለችኝ። ልጆቻችንን አሳድገን የዳርንበት ቤት ነው። ከአባቴ የወረስኩት የጨርቅ ሱቅም እዚሁ ነው። እምቢ ካልኩ እሷን ላጣ፣ እሺ ካልኩ ቤቴን ላጣ። ደንበኛ መጣብኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ ግሮሰሪውን ወደ ናይት ክለብ ለማሳደግ ፈቃድ ጠየቀች። የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ ጎረቤቶች ይስማሙ ብሎ ሰፈሩን ለስብሰባ ጠራ። ይህን ስሰማ ልቤ ጮቤ ረገጠች። ሱቄን ዘግቼ፣ ክለቡን ተቃወሙ እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። እሷም ዞረች። እኔ ከወጣሁበት በር እሷ ትገባለች። ሰዉም ጨዋ ነውና ለሁለታችንም እሺ አለን።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። ሰብሳቢዋ ከንግድ ጽሕፈት ቤት የመጣች ወጣት ናት። እኔ ተነስቼ የሆዴን ዘረገፍኩት፤ ድምፄ ከስፒከሩ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። የባጃጅ ሾፌሩ ተነስቶ «ክለቡ ከተከለከለ ማታ ማንን ልጭን?» አለ። ግሮሰሪው በር ላይ ጥብስ የምትሸጠው ሴትም እንደዚያው። በመጨረሻ ጎረቤቴ ተነስታ «ልጆቼን በምን ላስተምር? እናንተው ንገሩኝ» ብላ ቁጭ አለች። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ መጯጯህ ሲጀምር ሰብሳቢዋ ጠረጴዛውን መታች።

«በቃ! ወደ ድምፅ እንሂድ። እባካችሁ ድምፅ ስጡ!»

ይሄኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ከቤታችን ጀርባ እንሰትና ቡና የሚያለሙ የጌዴኦ አባት ናቸው። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም ባገኙት አጠራር ነው የሚጠሩት።

«ድምፅ?» አሉ፤ በጣም ተገርመው። «ድምፅማ ይሄ ሴትዮ ሌሊት ሙሉ ይሰጠናል! አሁን ደግሞ እኛ ስጡ ትላለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። እኔም እንዳልስቅ ጥርሴን ነከስኩ፤ አልቻልኩም። ሽማግሌው እውነት ተሳስተው ይሁን እያወቁ፣ እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ስጠይቃቸው «ምን አልኩ?» ብለው ያልፉኛል።

ሰብሳቢዋ እንባዋን እየጠረገች «አባባ፣ እጅ አውጡ ማለቴ ነው» አለቻቸው።

«እጅ ከቆጠርክ ግማሹ አሸንፎ ይሄዳል፣ ግማሹ ተናዶ ይሄዳል። ነገ ግን ሁሉም እዚሁ ሰፈር ነው ያለው። እኛ ሶንጎ ላይ እጅ አንቆጥርም፤ እስክንስማማ እናወራለን።» ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚፈቱበት ሸንጎ ነው። ከዚያ ወደ ጎረቤቴ ዞረው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «አንተ፣ ዘፈንህን ከሱ ቤት ሆነህ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ሰምታ አታውቅም። ለካ እኔም ግቢና ስሚ ብያት አላውቅም። በር መደብደብ ብቻ ነበር ሥራዬ።

ሰብሳቢዋ ከዚያ አዳራሽ የሚያወጣት ነገር በማግኘቷ ደስ ብሏት «እንሂድና እንስማ» አለች። የግሮሰሪው ዲጄ እንደ ቅዳሜ አድርጎ እንዲከፍተው ተነገረው። አራት ሆነን መኝታ ቤቴ ገባን፤ ሰብሳቢዋ፣ ሽማግሌው፣ ጎረቤቴና እኔ። አልጋው አልተነጠፈም ነበር። ባለቤቴ ከሄደች ወዲህ ማን አይቶኝ ብዬ ትቼዋለሁ፤ አሁን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ዱም ዱሙ ጀመረ። ኮመዲኖው ላይ ያለው ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ጉዞ ጀመረ። ከግድግዳው አናት አፈር ረገፈ። ጎረቤቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አደረገች። ወዲያው ትራሱን አየችው።

«እትዬ በዚህ በኩል ነው የሚተኙት?»

«አዎ፣ እዚህ ጋ።»

«ዘመድ ጥየቃ የሄዱ መስሎኝ ነበር እኮ። በዚህ ነው እንዴ? በእኔ ነው?»

ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አንዲት ቃል እንዳይቀርብኝ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እለማመደው ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ባሏ የተቀበረ ዕለት ያየሁትን ፊት መሰለኝና አሳዘነችኝ።

«በግድግዳው ነው» አልኳት።

መላውን ያመጣችው ራሷ ናት። ባሏ በሕይወት ሳለ ቡና መፈልፈያ ቤት ይሠራ ነበር። ማሽኑ አጠገብ ያለችውን ክፍል በቡና ገለባ በተሞላ ጆንያ ከበዋት፣ ውስጥ ሆኖ ስልክ ማነጋገር ይቻል ነበር አለችን። በእሷ በኩል ሌላ የጭቃ ግድግዳ ይቁም፣ በሁለቱ መሐል ጆንያው ይደርደር፣ ስፒከሮቹም ወደ አስፋልቱ ጥግ ይሂዱ። የቀረው ሰዓቱ ነበር። እሷ ከሌሊቱ ስምንት ብላ ጀመረች፤ እኔ ከምሽቱ ሦስት አልኩ። ሰብሳቢዋ «ጨርቅ ነው እንዴ የምትከራከሩት?» ብላ ሳቀችብን። ተጎታትተን በአዘቦት ቀን እስከ አራት፣ ዓርብና ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተስማማን። ፈቃዱም ግድግዳው ተሠርቶ፣ ሰብሳቢዋ እንደገና መጥታ ከአልጋው አጠገብ ከሰማች በኋላ እንዲሰጥ ተባለ።

ግድግዳው በደቦ ተሠራ። ስብሰባው ላይ ከእኔ ጋር ሆኖ ሲጮህ የነበረውም ከእሷ ጋር የነበረውም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ረገጠ። የባጃጅ ሾፌሩ ገለባውን ከጪጩ ቡና መፈልፈያ አመላለሰ። እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ የናይት ክለብ ግድግዳ እያቦካሁ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የማውቀው ሳቅ ሰማሁ።

«ለእኔ ኩሽና ጭቃ አቡካልኝ ስልህ ወገቤን አላልክም ነበር?»

ባለቤቴ ናት። በአንድ እጇ ቆጮ ተሸክማለች። ከቆጮው በቀር የያዘችው ነገር እንደሌለ ወዲያው አየሁና ደስታዬ በግማሽ ቀነሰ።

«ማን ነገረሽ?»

«ጎረቤትህ ደወለችልኝ። ይቅርታ ጠየቀችኝና መጥተሽ እይው አለችኝ። ልየው ብዬ መጣሁ እንጂ፣ ጭቃ ደርቆ ሳይታይ ምንም አልልህም።»

ቆጮውን ለሠራተኛው አቀረበች። ጎረቤታችንን ስታገኛት ተቃቀፉ፤ ሁለቱም ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ስለ እኔ ነጠላ ጫማ እያወሩ ሳቁ። ጭቃው እስኪደርቅ ግሮሰሪው ዝግ ስለነበር ባለቤቴ እኛው ጋ ሰነበተች፤ ቢሆንም እንደ እንግዳ ነበር የምትቀመጠው። ኩሽናዋን እንኳ አላስተካከለችም። እኔም ስለ ቤቱ ሽያጭ ልጠይቃት ፈርቼ ስለ አየሩ አወራ ነበር።

ሰብሳቢዋ መጥታ ሰማች፤ ፈቃዱ ተሰጠ፤ ቅዳሜ ክለቡ ተከፈተ። ባለቤቴ በግድግዳው በኩል ተኛች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ከወዲያ የሆነ ነገር ይሰማል፤ ሩቅ ሰፈር እንዳለ ሠርግ።

«ይሰማል» አለች።

ከትራሴ ቀና አልኩ። «በጣም?»

መልስ ጠበቅሁ። ቆይቶ የመጣልኝ ማንኮራፋት ነው። እኔ ግን ክለቡ ተዘግቶ የመጨረሻው ባጃጅ እስኪሄድ ድረስ ነቅቼ ሳዳምጣት ቆየሁ፤ በሕይወቴ በእንቅልፍ እጦት ተደስቼ የማውቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጠዋት ፊቷን ታጥባ ስትመለስ «እህቴ ጋ ደውልና ልብሶቼን በመኪና ትላክልኝ» አለችኝ፤ ዳቦ ግዛ የምትለኝ ያህል ቀለል አድርጋ። ሐሳቧን ሳትቀይር ብዬ ውጭ ወጥቼ ደወልኩ። እህትየዋ ሳቀችብኝ።

«ልብሱማ ከታሰረ ሰነበተ» አለችኝ። «ጎረቤታችሁ የደወለችላት ዕለት ራሷ ናት ያሰረችው።»