ኪራይ የሌለበት ሱቅ

ወንድሜ ሰው ባገኘ ቁጥር «የእኔ ሱቅ ወጪ የለውም» ማለት ይወዳል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጠው አዳማ፣ እናታችን ቤት፣ ወደ መንገድ በሚያየው ክፍል ነው። ኪራይ አይከፍልም። ሻጯ እኔ ነኝ፤ እህቱ ስለሆንኩ ደመወዝ አይከፍለኝም። ከመቂ የሚያስጭነውን ሽንኩርት ዋጋና የመኪናውን ሂሳብ ከሽያጩ ላይ ይቀንስና የቀረውን ትርፍ ብሎ ኪሱ ይከታል። በእኛ ሰፈር በቤተሰብ ቤት የሚነግድ ሁሉ የሚያሰላው እንደዚሁ ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም።

ያ ክፍል ግን የእማዬ መኝታ ነበር። «እስክትቋቋም ድረስ» ብላ ነው የለቀቀችለት። ድሮ ጠዋት መስኮቱን ከፍታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና ያለፈ ያገደመውን፣ አንዱን በኦሮምኛ «አካም ቡልተን»፣ ሌላውን በአማርኛ «እንዴት አደራችሁ» ትል ነበር። አሁን የምትተኛው ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ መስኮቷ ፊት ለፊት የጎረቤት ግንብ አለ። የአዳማ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ሽንኩርቱ ነፋስ ሲያገኝ እናቴ አለማግኘቷን ሳስብ ደሜ ይፈላል። «አይሞቅሽም?» ስላት «ለልጅ ያልሆነ ቤት ለማን ይሆናል!» ትለኛለች።

ዘንድሮ ወንድሜ ወለንጪቲ ሁለተኛ ሱቅ ልክፈት አለና ክፍል ልናይ አብረን ሄድን። አከራዩ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ኪራዩን ነገሩን፤ ከዚያ የሌሊት ጥበቃውን ድርሻ፣ ከዚያ መብራቱን።

«ገበያ የቀዘቀዘ ጊዜስ ጋሼ?» አላቸው ወንድሜ።

«ኪራይ እኮ ሽንኩርትህ ተሸጠ አልተሸጠ ብሎ አይጠይቅም፣ ልጄ» አሉት። ሻጭ በስንት ደመወዝ እንደሚገኝ ሲጠይቃቸው ደግሞ የነገሩት አላስደሰተውም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጣቱን እያጠፈ ሲያሰላ ቆየና «ወለንጪቲ አያዋጣም» ብሎ ፈረደ።

«አገሩ ምን አደረገህ? ሽንኩርቱ ያው፣ ዋጋውም ያው» አልኩት። «አዳማ የሚያዋጣህ ኪራዩን እማዬ፣ ደመወዙን እኔ ስለምንከፍልልህ ነው።»

«ቤተሰብም ወጪ ተብሎ ይቆጠራል እንዴ?»

«ስላልተቆጠረ እኮ ነው ትርፍ የመሰለህ።»

አኮረፈ። እስክንገባ ድረስ እንደገና ጣቱን እያጠፈ ያሰላ ነበር። እኔም የተናገርኩት አልቆጨኝም።

ወንድሜ ግን ክፉ አይደለም፤ ሲያኮርፍ እያሰበ ነው። ወሩ ሲያልቅ ለእኔ ደመወዝ ሰጠኝ። ከዚያ እማዬን ሱቁ ድረስ ጠራትና እጇ ላይ ብር አስቀመጠላት።

«የምንድን ነው?» አለችው።

«የክፍሉ ኪራይ ነው እማዬ።»

ከልጅ ኪራይ አልቀበልም ብላ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ብሩን አገላብጣ አየችው።

«እንግዲያው አከራይህ ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ» አለ፣ ኮራ ብሎ።

«አከራይ ደግሞ ሲፈልግ ልቀቅልኝ ማለት ይችላል፣ አይደል?»

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። የሽንኩርት ከረጢት እስከ ግማሹ የሸፈነውን መስኮቷን ነበር የምታየው። ወንድሜም አይኗን ተከትሎ አየና ሳቁ ጠፋ።

«እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ወጪ የለውም ስትል እሰማህ ነበር። ዋጋ እንዳለው የነገርከኝ ዛሬ ነው» አለችውና ብሩን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ክፍሌን ለቅቀህ ለምትከራየው ሱቅ ቀብድ ይሁንህ።»