የእማማ አየለች ዳስ

ስለ እማማ አየለች ሳወራ ደሜ ይፈላል፤ አስቀድሜ ልናገር። ቡሬ ከተማ ዳር የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው። የከተማው ሰው ወጡን የሚሠራው በእሳቸው ድስት ነው። ገበያ ላይ በጣቱ ቆርቆር እያደረገ፣ ዋጋ እየተከራከረ ይገዛል። ቤታቸው ገብቶ ውሃ ቅመስ ቢባል ግን “ቡዳ ናት” ብሎ ይሸሻል። ድስቱ ሰው አይበላም፤ ድስቱን የሠራው እጅ ግን ይበላል አሉ! እንዲህ ያለ ጉድ የት አለ?

እኔ ናሁሰናይ እባላለሁ፤ አስተማሪ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከስድስት ተማሪዎቼ ጋር “አደይ” የሚባል የኪነት ቡድን አቋቋምኩ። ያለን አንድ ማሲንቆና ሁለት ከበሮ ነበር። ቀበሌው አዳራሹን ሰጠን። ሰጠን ስል፣ ስብሰባ ሲኖር እንባረራለን፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ “ኑ ጨፍሩ” እንባላለን። አንድ ክረምት ማዳበሪያ ሲገባ ጆንያውን ከበሮዎቻችን ላይ ከመሩት። የሁለቱም ቆዳ ተቀደደ። ይቅርታ የጠየቀን ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዛፍ ሥር መለማመድ ጀመርን። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድብን እማማ አየለች ከገበያ ሲመለሱ አዩንና ቆሙ።

“እናንተ ልጆች፣ ቤት የላችሁም እንዴ?”

“የለንም፣ እማማ።”

“ማሰሮ የማደርቅባት ዳስ አለችኝ። ግቡባት፤ ማሰሮው ጓዳ ይደርቃል።”

“ኪራይዋ ስንት ነው?” አልኳቸው።

“ኪራይ አልሻም። ቤታችሁ ያማረ ቀን እንግዳ ጥሩና ከቤቴ እህል ቅመሱ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እህል ልቅመስ ብሎ ደጄን የረገጠ የለም።”

ቃል ገባሁላቸው። በማግስቱ ከስድስቱ አራቱን ወላጆቻቸው አስቀሩብኝ። እየዞርኩ ለመንኩ፤ ልመናው ሲያልቅብኝ ተሳደብኩ። አንዷ እናት “ልጄን ቡዳ ቤት?” ስትለኝ ምድጃዋ ላይ የእማማ ድስት ይንተከተካል። “እሱንስ ማን ሠራው?” ብዬ ጮህኩባት። በሩን ዘጋችብኝ።

ቢሆንም አደግን። በዞኑ ውድድር ሁለተኛ ስንወጣ የሸሹት ሁሉ ተመለሱ። ከፍኖተ ሰላም ሳይቀር ልጅ መጣልን፤ ሠላሳ አራት ሆንን። ዳሷ ስትጠበን በደቦ አሰፋናት። ወላጆች ጭቃ አቦኩ፣ ቆርቆሮ መቱ። ምሳቸውን ግን ከየቤታቸው ቋጥረው መጡ። እያንዳንዳቸውን ገላመጥኳቸው። እኔም እንደ ልማዴ ከቤቴ ያመጣሁትን የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ከጎኔ አድርጌ ምርጊት ስመርግ ዋልኩ።

የምረቃው ቀን ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዋለ። እማማ ጠላ ጠምቀው፣ ሦስት ዶሮ አሳርደው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ጠበቁን። አቶ ገብረሰንበት የሚባል ሹም መጣና ስለ ባህልና ስለ እኩልነት አንድ ሰዓት ለፈለፈ። የዳሷን ባለቤት ስም አንዴ እንኳ አልጠራም። ሲቀመጥ እማማ ጠላውን በሸክላ ዋንጫ ቀድተው ቀረቡት።

“እግዜር ይስጥልኝ፤ ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ።”

በበዓለ ሃምሳ! ሃምሳው ቀን እስኪያልቅ ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም የቡሬ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሰውዬው ጠዋት ሆቴል ቁጭ ብሎ ጥብስ ሲበላ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከጎኑ ያሉትም “እኛም ጾም ነን” አሉ። ወላጆቹም ተከተሉ። የዶሮው ወጥ ክዳኑ ሳይነሳ ቀረ።

ብድግ አልኩ።

“አታፍሩም? ሰባት ዓመት ልጆቻችሁን ያስጠለሉ እናት ናቸው! አንድ ጉርሻ ትገድላችኋለች?”

ከጩኸቱ ብዛት ጉሮሮዬ ደረቀ፤ የላስቲክ ውሃዬን ከፍቼ ተጎነጨሁ።

እማማ አየለች ዋንጫውን እንደያዙ ያዩኛል። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

“ተው ናሁሰናይ” አሉኝ። “እነሱ የጾሙት ዛሬ ነው። አንተ ግን ሰባት ዓመትህ።”

ውሃው አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዋንጫውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ እሳቸው ይዘውት ወደ ጓዳ ገብተው ነበር።