አባቱ ያልታወቀው ሜዱ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? ከአምሐ ዕድሜ የወጣችው አንዲት ቃል ናት።

አምሐ በደርግ ዘመን ቋንቋ ያስተምር የነበረ የመካኒሳ አቦ ሰው ነው። የቀበሌ ስብሰባ ካልያዘው በቀር አመሻሹን ከጸሐይወርቅ ጠጅ ቤት አይጠፋም። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልወለደም። ልቡ ያለው ከጥንት ቃል ላይ ነው። የጥንት ሕንዶች ማርን «ማዱ» ይሉታል፤ የጥንት ግሪኮች ወይኑን «ሜቱ»፤ እንግሊዞች የማር ጠጅን «ሚድ»፤ በየመሥሪያ ቤቱ አማካሪ የሆኑት ሩሲያውያን ደግሞ ማርን «ሚዮድ»። አምሐ እነዚህን ቃላት እንደ አንድ ዘር የልጅ ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የአንዱን አፍንጫ ከሌላው ግንባር እያስተያየ፣ ጽሕፈት ሳይኖር የሞተውን ቅድመ አያታቸውን መልሶ ሠራው፤ «ሜዱ» ብሎ። የፈረንጅ ሊቃውንት ቀድመው የሄዱበት መንገድ ቢሆንም እሱም በገዛ እግሩ ደርሶበታል። የቀረው አንድ ነገር ነው። ቃል የሚኖረው በሰው አፍ ስለሆነ፣ ሜዱን ከእሱ ሌላ አንድ ሰው እንኳ ከልቡ እንዲጠራው ይፈልጋል። ካልሆነ አብሮት መቀበሩ ነው።

ለጸሐይወርቅ ማር የሚያመጣላት የፉሪው ገበሬ ጉርሜሳ ነበር። ጠጁ ሞቅ ሲያደርገው አባቶቹን ይቆጥራል። «ጉርሜሳ ሮበሌ! ሮበሌ በንቲ! በንቲ ነገሪ!» በየስሙ ቤቱ «እሰይ!» ይላል።

አንድ ቀን አምሐ በዚህ ቀንቶ ብርሌውን ይዞ ተነሣ።

«እኔም ልቁጠር! የሚድ አባት፣ የማዱ አባት፣ የሚዮድ አባት፣ ሜዱ!»

ጠጪው «እሰይ!» ሊል ሲል ጉርሜሳ እጁን አነሣ። «ቆይ እንጂ! ጋሽ አምሐ፣ ሜዱ የማን ልጅ ነው?»

«ከዚያ በላይ አይታወቅም።»

«ሲጠራስ የሰማው ማን ነው?»

«ማንም።»

«አባቱ ያልታወቀ፣ ሲጠራ ያልተሰማ! ታዲያ እሰይ የምንለው ለማን ነው?»

ቤቱ በሳቅ አወካ። ጸሐይወርቅ ብቻ፣ «ኧረ ተዉት፣ የሙት ልጅ አይሰደብም» ብላ ብርሌውን ሞላችለት። ከዚያ ወዲያ አምሐን ያገኘው ሁሉ «ልጅህ ደኅና ነው?» ይለዋል፤ ስሙን ግን አንድም ሰው አይጠራለትም።

ከዓመታት በኋላ አምሐ ታሞ ተኛ። ጉርሜሳ ነጭ ማር ይዞ ሊጠይቀው መጣ።

«ጉርሜሳ፣ አንተም ስትቆጥር የምትቆምበት ቦታ አለ አይደል?»

«አለ እንጂ። እስከ አዳም ልቁጠር እንዴ?»

«እንግዲያው እዚያ ስትደርስ ዝም ከምትል፣ አንዴ ሜዱ በልልኝ።»

ጉርሜሳ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት። «ጋሼ፣ እኔ ማር አልበርዝም። አባቶቼንም አልበርዝም።»

አምሐ በመካኒሳ አቦ ተቀበረ። ጉርሜሳ አሁንም ሞቅ ሲለው ይቆጥራል። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ወደ አምሐ መቀመጫ አየት ያደርግና፣ ሜዱን ሳይጠራ ብርሌውን ያነሣል።