ከጋሽ ዳና ደብተር የጎደለችው ቃል

ጋሽ ዳና ሳላን ለምታውቁ ሁሉ፤ ነጠላቸውን ለለበሳችሁ፣ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ለተጋራችኋቸው፣ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጡና ስትወርዱ ሰላምታቸው ላልቀረባችሁ፦ ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አጥተናቸዋል። ቀብር የመጣችሁ እንዳያችሁት ሰው ብዙ ነበር፤ የተነገረላቸው ግን ትንሽ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰውዬ «ታታሪ ሸማኔ ነበሩ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ከኋላ ቆሜ ሰማሁት። ሰውዬው ምን ያድርግ? የሚያውቀውን ነው የተናገረው። የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። እንግዲህ በወረቀት ልናገር።

ሰናይት እባላለሁ። ከእሳቸው ግቢ ቀጥሎ ያለው ባለቆርቆሮ በር የኛ ነው። አሥረኛ ክፍል እያለሁ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ተብዬ ቀበሌ አዳራሽ ስመደብ፣ ጋሽ ዳና ከፊት ወንበር ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሃምሳ ዓመት ተጠግቷቸው ነበር። ከጋሞ የመጡት በልጅነታቸው ቢሆንም አማርኛን በጆሮ እንጂ በዓይን አያውቁትም። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ቁጡ ነበርኩ፤ ፊደል አጣመው ሲጽፉ ጠረጴዛውን በማስመሪያ እመታለሁ። እሳቸው ይስቃሉ። «እሺ፣ የኔታ!» ይሉኛል፤ አዳራሹ በሙሉ ይስቃል። ጴንጤ ሰው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድን የኔታ ሲል አስቡት እስቲ! ስሙ ተለጥፎብኝ ቀረ።

ፊደሉን ከጨረሱ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ተማሪዋ እኔ ሆንኩ። ጋሽ ዳና ጠዋት ጠዋት እግራቸውን ወደ ሸማው ጉድጓድ ከማስገባታቸው በፊት አንዲት ቃል በጠመኔ የሸማ ቤቱ ምሰሶ ላይ ይጽፋሉ። በቀን አንዲት ብቻ፤ አዲስ ካላገኙ የዱሮዋን ይደግማሉ። አብረዋቸው የሚሠሩት ሁሉ ቃሏን ይዘው ይውላሉ። አመሻሹ ላይ የሽመናው መወርወሪያ ሲቀመጥ «ቃሏን ዛሬ የት አገኛችኋት?» ብለው ይጠይቃሉ። «አላገኘሁም» ማለት የለም። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ እጠየቃለሁ። አንዳንዴ ሰልችቶኝ ብነጫነጭባቸው፣ «እናንተ አማርኛን እንደ ውኃ ጠጥታችሁት አደጋችሁ፤ እኔ ዘግይቶ ስለደረሰኝ እያኘክሁ ነው የምውጠው» ይሉኝ ነበር።

ቃሎቹን የሚያመጧቸው ከመጽሐፍ አልነበረም፤ ከሰው ነው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እትዬ በለጡ «ወገግ ሲል ነው የምንነሳው» ቢሏቸው መንገድ ላይ አስቁመው አስደገሟቸው። በማግስቱ ምሰሶው ላይ «ወገግታ» ተጻፈ። «ጨለማና ብርሃን ብቻ ያሉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መሃላቸው ያለውም ስም አለው» እያሉ ሲደነቁ ዋሉ። ከሽንኩርት ሻጯ ከወይዘሮ አስካለ ደግሞ ለገዢ በነፃ የምትጨመረውን «ምራቂ»ን ወሰዱ። ቃሏ በተጻፈችበት ዕለት አንዲት ሐዘንተኛ ነጠላዋን ልትወስድ መጣች። ጋሽ ዳና ነጠላውን አጥፈው ሰጧትና ከትከሻቸው ላይ ጋቢያቸውን አውርደው ደረቡላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «ይሄ ምንድን ነው?» ብትል «ምራቂ ነው» አሏት። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ በዚያ በክረምት ብርድ ያለ ጋቢ ሲንቀጠቀጡ እያዩ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፏቸው።

ከእናቴ የወሰዱት «ይሉኝታ»ን ነው። ቃሏን ግን አልወደዷትም። «ይቺ ቃል ሰውን ጨዋ ታደርገዋለች፤ እውነቱንም ታስውጠዋለች» አሉ። ያኔ ገልመጥ አድርጌያቸው አለፍኩ። ዛሬ የምታንገበግበኝ ይህች ንግግራቸው ናት።

ቃሎቹ ሁሉ አንዲት ሰማያዊ ደብተር ላይ ይሰፍራሉ፤ በግራ ቃሏ፣ በቀኝ የሰጣቸው ሰው ስም። «የሰጠኝን ሰው ካልጻፍኩማ ሰረቅሁ ማለት ነው» ይሉ ነበር። መከራው የመጣው ከዚህች ልማዳቸው ነው።

ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት በታሸገበት ዓመት በየቤቱ ተሰብስበው የሚጸልዩ ሰዎች ይፈለጉ ጀመር። «ሸማኔው የስም ዝርዝር የያዘ ደብተር አለው» የሚል ወሬ ተነዛ። ዝርዝርማ ነበር! ስልሳ ሰባ የሚሆን ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ ደግሞ አንዲት ቃል። የምስጢር ቃል አይደለም ቢባል ማን ያምናል? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳና ደብተሯን በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝ። «የኔታ፣ አደራሽን። እስክጠይቅሽ አንቺ ዘንድ ትቆይ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ታጣቂዎች መጥተው ወሰዷቸው። ስንቅ ይመላለስላቸው ጀመር።

እኔስ ምን አደረግሁ? በማግስቱ እናቴ ገበያ እስክትሄድ ጠብቄ የከሰል ምድጃውን አቀጣጠልኩ። ፍተሻው የኛ መንደር ደርሷል፤ የእናቴ ስም ደብተሯ ውስጥ አለ። ገጽ በገጽ እየቀደድኩ እሳቱ ላይ ጨመርኩ። ያ ጠማማ ፊደላቸው፣ ስንት የጮህኩበት ፊደላቸው፣ ዓይኔ እያየ ተኮማትሮ ጠቆረ። አመዱን በእጄ አፍሼ ጓሮ በተንኩት። በማቃጠሌ ዛሬም አልጸጸትም፤ ደብተሯ ብትገኝ ያ ሁሉ ሰው ይታፈስ ነበር። የሚጸጽተኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

አራት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም፤ መወርወሪያ ሊይዙ አልቻሉም። ልጠይቃቸው ስገባ ያንን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመጀመሪያ ያሉኝ «ደብተሯ ደህና ናት?» ነው።

«ደህና ናት» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «በይ ጊዜው እስኪረጋጋ ትቆይ» አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ አብረዋቸው ታስረው የነበሩት ሸማኔ፣ ጋሽ ስምዖን፣ በራችን ላይ ቆመው ያለፈውን ነገሩኝ። «በየቀኑ ደብተሩን አምጣ ነው የሚሏቸው። እጃቸውም በዚያ ነው እንዲህ የሆነው። ‹ተቃጥሏል ይበሉና ይገላገሉ› ብዬ ለመንኳቸው፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ‹ያልተቃጠለውን ተቃጠለ ብዬ አልዋሽም፤ ያለበትንም አልናገርም› አሉኝ። አይ ሰው!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ሁሉ ቀን ውሸት ነው ብለው የተጠየፏት ነገር እውነት ነበረች። እትዬ ማርታ ስንቅ ሲያመላልሱ በእሳቸው በኩል «ተቃጥሏል» የምትል አንዲት ቃል ልልክ እችል ነበር። አንዲት ቃል! ፈራሁና አልላክሁም፤ ከተፈቱ በኋላ ደግሞ አፈርኩና አልተናገርኩም።

ጋሽ ዳና ከዚያ ወዲያ በግራ እጃቸው ክር እያጠነጠኑ ይውሉ ነበር። ምሰሶው ላይም በግራ እጃቸው ይጽፋሉ። በእኔ በኩል አዲስ ሰማያዊ ደብተር ገዝቼ ተደብቄ ቤት ለቤት መዞር ጀመርኩ። «ለጋሽ ዳና የትኛዋን ቃል ሰጥተዋቸው ነበር?» እያልኩ እለምናለሁ። የሚያስታውሱ ነበሩ፣ የረሱ ነበሩ። ወይዘሮ አስካለማ «ውይ! እኔ ለማንም ምንም አልሰጠሁ፣ ሂጂልኝ ከዚህ!» ብለው ሽንኩርታቸውን ትተው ተነሱ። እኔው ራሴ የማውቃትን «ምራቂ»ን ከስማቸው ትይዩ ጻፍኩ። እትዬ በለጡ ሞተዋል፤ ልጃቸው ግን «ወገግታን ነው የሰጠቻቸው፤ እስክትሞት ትኮራበት ነበር» አለችኝ። ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀ። ሃምሳ ሁለት ቃል ሰበሰብኩ።

ባለፈው ወር ጋሽ ዳና ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ደብተሯን በነጠላ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ተንኮሌን ልናገር፦ ዓይናቸው ስለደከመ አይለዩትም ብዬ ነው። በግራ እጃቸው ገለጡ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «የኔታ፣ ፊደልሽ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው» አሉኝ። ለይተውታል። ደብተሯን እስከ መጨረሻው ገልጠው ከዘጉ በኋላ «አንቺ የለሽበትም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስጠይቅ ራሴን አልጠየቅኩም። «የኔ ቃል ምን ነበረች?» አልኳቸው።

«እሷንማ ራስሽ አምጪያት።»

ዘበኛው ጠያቂ ይውጣ እያለ መጣ። አልጋው ግርጌ ቆሜ «ጋሽ ዳና...» አልኩ። «እ?» አሉ። «ነገ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። መጣሁም፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። ሙዝ ላጥኩላቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከልኩ፣ ስለ ሰፈሩ አወራሁ። ያቺን ነገር ግን ውጬ ውጬ እሳቸው በሞት ቀደሙኝ።

ጋሽ ዳና፣ ደብተርዎን አቃጥዬዋለሁ። እርስዎ በተወሰዱ በማግስቱ ነው። «ደህና ናት» ያልኩዎት ውሸት ነበር። የከፈሉት ሁሉ ለሌለች ደብተር ነበር፤ እኔም አውቄ ዝም አልኩ። ማወቅዎን አውቃለሁ፤ ከአፌ ግን አልሰሙትም፤ ስለዚህ ይኸው በሚያውቅዎ ሰው ሁሉ ፊት ይስሙኝ። ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ «ይሉኝታ ያዘኝ» አልልዎትም፤ በደህና ይረፉ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ማርታን አስፈቅጄ ምሰሶዎ ላይ በጠመኔ ጽፌያለሁ። ደብተሯም ላይ አስፍሬያታለሁ፤ በግራ ቃሏን፣ በቀኝ ስሜን። ቃሏ «አመድ» ናት። ማምሻውን የት አገኘሻት ብለው ቢጠይቁኝ፣ የእርስዎ የኔታ እንደ ወጉ ትመልሳለች፦ እጄ ላይ፣ ጋሽ ዳና። እጄ ላይ አገኘኋት።