ጋሽ ባሕረኛና የተረፈው ዓሣ

ባልና ሚስቱን ያወቅኳቸው በጥርሴ ምክንያት ነው። ጉንጬ አብጦ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ ከፊቴ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነበር፤ ውሃው ጨዋማ፣ የባሕር ዓሣ የሚኖርበት። አንድ ሽማግሌ የጽዳት ሠራተኛ ጆግ ይዘው መጡና ውሃ ጨመሩበት። ጋሽ ባሕረኛ እሳቸው ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ናት እንጂ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እኔ ጽሑፍ ላይ እምብዛም ነኝ፤ የሳቸው ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ውሃው በመብራቱ ሙቀት እየተነነ ይጎድላል። ጋሼ መስታወቱ ላይ በምስማር የጫሩት መስመር አለ፤ በየጠዋቱ እስከዚያ ይሞላሉ። የሚሞሉት ግን ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው።

«የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው» ይላሉ። «ጨው ክንፍ የለው፣ እዚያው ቁጭ!»

አንድ ጊዜ ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ ዋሉ። ሚስታቸው እትዬ ተተኩላቸው። «ሲጎድል እስከ መስመሩ ሙዪው» አሏቸው፤ ሌላ አልጨመሩም። እትዬ ደግሞ እጃቸው ለጋስ ነው። ከገንዳው ሥር የጨው ከረጢት አዩ። የባሕር ዓሣ አይደል እንዴ፣ አልጫ ውሃ እንዴት ይሰጠዋል ብለው በየጠዋቱ ጨው እየበጠበጡ ጨመሩበት።

ጋሼ ተሽሏቸው ሲመለሱ የመስታወቱ ጠርዝ ነጭ ጨው ጋግሯል። ዓሦቹ አልቀው አንድ ብቻ ተርፏል፤ ብርቱካናማ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ።

«ምን አጠጣሻቸው?»

«ምን አጠጣቸዋለሁ፣ ውሃቸውን ነዋ! ጨውም አልሰሰትኩባቸው።»

ጋሼ ጨው እንደማይተን አስረዷቸው። ነገሩ የገባቸው ጊዜ እትዬ እህል አልወርድ አላቸው። «እኔው ነኝ የፈጀኋቸው» ይላሉ፣ ሌላ ወሬ የላቸውም።

የሐኪም ቤቱ ባለቤት መጥተው ገንዳውን አዩና፣ «ይሄም ከሞተ ይነሳና ቴሌቪዥን እንሰቅላለን። ቴሌቪዥን ውሃ አምጡ አይልም» ብለው ሳቁ።

ጋሼን ያስጨነቃቸው ገንዳው አይደለም። ያ አንድ ዓሣ ቢተርፍ ሚስታቸው ራሳቸውን ይቅር ይላሉ፤ ካልተረፈ ግን እንጃ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሁለቱም ይመጣሉ። ጋሼ ጨዋማውን በኩባያ ይቀዳሉ፣ እትዬ በቦታው የተጣራውን ቀስ አድርገው ያፈሳሉ። በአንዴ ከተቀየረ ዓሣው አይችለውም።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ዓሣው ወደ ውሃው አናት ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«አየኸው፣ አንተ ሽማግሌ! እየጠጣ እኮ ነው! ውሃዬን ወደደልኝ!» አሉ እትዬ።

«ወደደልሽ» አሉ ጋሼ፣ መወልወያቸውን እያነሱ።

እትዬ ጆጉን ሊያጥቡ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ፣ «እውነት ተሻለው?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ። ዓሣ ከላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት ትንፋሽ አጥሮት ነው።» ወደ በሩ አዩ። «እሷ ግን ዛሬ ቁርስ በላች።»

እባካችሁ፣ ጥርሳችሁን ባያማችሁም ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ጠዋት አይጠፉም። እትዬ «አያችሁት?» ካሏችሁ «አየነው» በሉ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ካገኛችሁ ደግሞ ምንም አትጠይቁ። አጠገባቸው ትንሽ ቁጭ በሉላቸው።