የጭቃው ልክ

ደባርቅ ባቡር አይታ አታውቅም። አጎቴ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የባቡር ፉርጎ ቀለም ቀቢ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው አገራቸው ሲገቡ የሰፈራችንን መንገድ ከነቤቶቹ በሳንቃ ላይ አሳንሰው ሠሩና በመሃሉ የቆርቆሮ ባቡር አሳለፉበት።

ቤቶቹን አሳምረው ቀብተው ሲጨርሱ ደግሞ ማቆሸሽ ይጀምራሉ፤ ጣራውን በዝገት ውኃ፣ ግድግዳውን በጭቃ። እኔንም፣ «ሂጂና ከሊማሊሞ የሚመጡት መኪኖች የሚረጩት ጭቃ በየቤቱ ግድግዳ እስከ የት እንደሚደርስ በስንዝር ለክተሽልኝ ነይ» ይሉኛል። በክረምት! አስተማሪዋን! ተማሪዎቼ እያዩኝ የሰው ግድግዳ በስንዝር ስለካ!

«ኧረ ጋሼ፣ ይህን ማን ያይልዎታል?» አልኋቸው አንድ ቀን ተማርሬ።

«ባቡሩ ውሸት ነው ልጄ። መንገዱም ውሸት ከሆነ ማን ያምነኛል?»

በመጨረሻ የቀረው የራሳችን ቤት ብቻ ነበር። «ነገ እለካለሁ» አልኋቸው። በማግስቱም «ነገ» አልሁ። ሳልለካ ነሐሴ ላይ አረፉ።

ለአብዮት በዓል የመንገድ ዳር ቤት ሁሉ ኖራ ይቀባ ተባለ። ሐዘንተኛም ብሆን ትእዛዝ ነውና ቀባሁ።

ከአርባቸው በኋላ ሳንቃውን አወጣሁት። እላዩ ላይ የጎረቤቱ ሁሉ ቤት ጭቃ በጭቃ ሆኖ የእኛ ብቻ ንጹሕ ነው፤ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ይመስላል። ጭቃ በጥብጬ፣ ልለካ ወደ ደጅ ሮጥሁ።

ግድግዳው ነጭ ነው።

ሰዎች፣ «ምን ያናድድሻል? በሚመጣው ክረምት መኪኖቹ እንደገና ይረጩት የለ?» ይሉኛል። ይረጩታል። እርሳቸው የኖሩበትን ቤት ጭቃ ግን በኖራ የደፈንሁት እኔው ነኝ።